የብር አፍ ያለው ዋንጫ
የከብት ቀንድና ብር፤ ሞላሌ፣ መንዝ

አፉን የከበበውን ብር ጠጋ ብለው ይዩት። አንጥረኛ ብር የሚያገኘው ከጉድጓድ ሳይሆን ከገበያ ነበር፤ ጠገራውን፣ የማሪያ ቴሬዛን ብር፣ አቅልጦ። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል። ንግሥቲቱ የሞተችበት 1780 (እ.ኤ.አ.) ከላዩ ሳይለወጥ ሲታተም ኖሯል። የጌጧን ፈርጥ በጣቱ ቆጥሮ፣ ጎደለ ብሎ የሚመልስ ገበያተኛም አይጠፋም ነበር። በጠገራው ጀርባ ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ።

እሳቱ ግን ንግሥትም ንስርም አይለይ! በዋንጫው ላይ የቀሩት መስቀልና የተገመደ የብር ፈትል ናቸው። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያስመቱት ብር አንበሳ ይዞ ቢመጣም፣ አገሬው ጠገራውን ለመተው አልቸኮለም። መስቀሉ የት እንደተቀረጸ ልብ ይበሉ፦ የገብስ ጠላ ሲጎነጩ ከንፈር ከሚያርፍበት ሥር።