አንድ ተራ ብቻ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ ባልቲሞርን ወደ ሰሜን አልፎ የሚሄድ መኪና በአንድ ሰዓት ገደማ ሀንት ቫሊ ይደርሳል። አካባቢው የቢሮ ሕንጻና የመኪና ማቆሚያ የሞላበት ነው፤ ለዓይን የሚሆን ብዙ ነገር የለውም። ሲድ ሜየርና ቢል ስቴሊ እ.ኤ.አ. በ1982 የመሠረቱት ማይክሮፕሮዝ የተባለው ድርጅት ይሠራ የነበረው ግን እዚያ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1991 ሜየር ከብሩስ ሼሊ ጋር ሆኖ «ሲቪላይዜሽን» የተባለውን የኮምፒውተር ጨዋታ ለገበያ አቀረበ።

ጨዋታው ከክርስቶስ ልደት 4000 ዓመት በፊት ይጀምራል። ተጫዋቹ ከተማ ይቆረቁራል፣ ፊደልና ጎማ ይፈለስፋል፣ ይዋጋል፣ ይታረቃል፣ ከቀናው መንኮራኩር ወደ ሌላ ኮከብ ይልካል። ነገሩ የሚካሄደው በተራ ነው። ብልሃቱም ክፋቱም ያለው እዚህ ላይ ነው። ግንቡ በሁለት ተራ ያልቃል፣ መርከቡ በሦስት ተራ ይደርሳል፣ ምርምሩ በአራት፣ ጠላት የላከው ጦር ደግሞ በሚቀጥለው ተራ ድንበር ላይ ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚጠናቀቅበት፣ እጅን አራግፎ የሚነሱበት ቦታ የለም። እግር ኳስ 90 ደቂቃ አለው፤ ልብ ወለድም ምዕራፍ አለው። እዚህ ግን አንዱ ሲዘጋ ሌላው ተከፍቶ ይጠብቃል። ተጫዋቾቹ ይህንን ሕመም ራሳቸው ስም አወጡለት፦ «አንድ ተራ ብቻ»። በየአገሩ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠ ሰው አንድ ተራ ብቻ እያለ ወፍ ሲንጫጫ ሰምቷል።

አሳታሚዎቹ ይህን ሲሰሙ አላፈሩም። አራተኛው «ሲቪላይዜሽን» በ2005 ሲወጣ የማስታወቂያ ዘመቻው የተሠራው በሱሰኞች መረዳጃ ማኅበር አምሳል ነበር። ከመጠጥ ለመላቀቅ ክብ ሠርተው እንደሚቀመጡት ሰዎች፣ የዚህ ጨዋታ «ታማሚዎች» የሚሰባሰቡበት የቀልድ ማኅበር ፈጠሩ። ኋላም ተጫዋቹ ዓለምን ድል ነሥቶ ጨዋታው ካለቀ በኋላ «አንድ ተራ ብቻ» የሚል ቁልፍ ስክሪኑ ላይ ይቀርብለት ጀመር። የሻጭን ሐሳብ ከዚህ ቁልፍ በላይ በግልጽ የሚናገር ሰነድ ማግኘት ይቸግራል።

ተራ የሚለው ነገር ራሱ ለኢትዮጵያዊ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው መጨረሻ ማጣቱ ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ የሚከፈተው ያለ ተራ ነው። «ወረራ» በሚባለው የመጀመሪያ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች ሳይጠባበቁ፣ እጅ በእጅ ላይ እየተደራረበ፣ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀምረው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለዚሁ ጨዋታ በጻፈው ጥናት ከዘረዘራቸው ምስክሮች አንዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይን የጎበኘው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ሲሆን፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ለሰንጠረዥ የነበራቸውን ፍቅር መዝግቧል። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎችም ዝም ብለው አያዩም፤ ይመክራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ጠጠር እስከ ማንሳት ይደርሳሉ። ሰንጠረዥ ሰው የሚያጅበው ጨዋታ ነው። ሰው ሲያዛጋና ሲበተን ጨዋታውም ያበቃል። በር ዘግቶ በጆሮ ማዳመጫ የሚጫወትን ልጅ ግን «በቃ፣ መሽቷል» የሚለው አጃቢ የለውም።

የሲልቨር ስፕሪንግ ስም እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባው በሌላ በር ነው። የአሜሪካ ጦር የዋልተር ሪድ ምርምር ተቋም የሚገኘው በዚሁ ከተማ፣ ፎረስት ግሌን በሚባለው አካባቢ ነው። ተቋሙ እንቅልፍን ሲያጠና ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። በ1959፣ ዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ በነበረበት ዘመን፣ ተመራማሪዎቹ ለቀናት እንቅልፍ የተነፈጉ ሰዎችን ተከታትለው አንድ ነገር አስተዋሉ፦ እንቅልፍ ያጣ ሰው እንደ ደከመ በቅሎ ቀስ በቀስ ብቻ አይደለም የሚዘገየው። ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሠራል፣ ከዚያ ለቅጽበት ይጠፋል፣ ተመልሶም ምንም እንዳልሆነ ይቀጥላል። በመኪና መሪ ላይ ያች ቅጽበት ምን ማለት እንደሆነች ለታክሲ ነጂ ማስረዳት አያስፈልግም።

በ2003 የተቋሙ ተመራማሪዎች ግሪጎሪ ቤለንኪና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ 66 ሰዎችን በአራት ቡድን ከፍሎ ለ7 ቀናት በየሌሊቱ 3፣ 5፣ 7 ወይም 9 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ አደረገ። ባለ 3 ሰዓቶቹ በየቀኑ እየወረዱ ሄዱ። ባለ 5ና ባለ 7ቶቹ ወርደው ዝቅ ባለ ደረጃ ላይ ረጉ። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የመጣው ነው፤ ሦስት ሌሊት 8 8 ሰዓት ከተሰጣቸው በኋላም ወደ ቀድሞ ንቃታቸው ሙሉ በሙሉ አልተመለሱም። «ቅዳሜና እሑድ ተኝቼ አካክሰዋለሁ» የሚለው የብዙ ቤት ስሌት ከዚህ በኋላ ይናጋል። (በ2009 ይኸው ተቋም ቀድሞ ብዙ የተኛ ሰው የኋላውን እጦት በተሻለ እንደሚቋቋም አሳይቷል፤ የእንቅልፍ ዕቁብ መጣል ይቻላል እንደ ማለት ነው። ዕቁቡን ግን ቀድሞ መጣል ያስፈልጋል፣ ለዚህ ደግሞ ትርፍ ሌሊት ያለው ማን ነው?) በዚያው 2003 ከፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሌላ ጥናት ለሁለት ሳምንት እንቅልፋቸው የተቀነሰባቸው ሰዎች ችሎታቸው በየቀኑ ሲወርድ እነሱ ግን ያን ያህል እንቅልፍ እንደጎደላቸው እንደማይሰማቸው አሳየ።

የግል ኃላፊነት የሚለው ሐሳብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ኃላፊነት ዳኛ ይፈልጋል፤ «በቅቶኛል» የሚል፣ ሰዓት የሚያይ። በእንቅልፍ እጦት ቀድሞ የሚያንቀላፋው ግን ይኸው ዳኛ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «አንድ ተራ ብቻ» የሚለው ልጅ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ «በጊዜ እተኛለሁ» ብሎ ቃል የገባው ልጅ ነው ብሎ መከራከር ይከብዳል።

አማርኛም ይህን ያወቀ ይመስላል። ሰው እንቅልፍን አይወስድም፤ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይጥለዋል፣ ያሸንፈዋል። ሱስም ይይዛል እንጂ አይያዝም። በሰዋስዋችን ባለ ድርጊቱ ሱሱ ነው፣ ሰውየው ተደራጊ። ሆኖም ቋንቋው ምሕረት ሲያደርግ ሰፈሩ አያደርግም፤ ያው ሱስ የያዘው ሰው «ሱሰኛ» ተብሎ ስሙ ከበሽታው ጋር ይሰፋል። የቡና ሱስ ግን የፍቅር ያህል ነው፤ «ሱሴን ላውጣ» ብሎ ጀበና የሚያስጥድ ሰው ማንም አያሳክመውም። ያለ እንቅልፍ ማደርም እንዲሁ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው እስኪቆረጥ ቆመው መጸለያቸውን የሚተርክ ገድል እየሰማ ያደገ፣ ማሕሌት ሲቆም አድሮ ቅዳሴ የሚያስቀድስ ሰው፣ ንቃትን ከጽድቅ ለይቶ አያይም። ልዩነቱ ማሕሌት አድራጊው ሲነጋ ወደ ቤቱ መሄዱ ነው። መጨረሻው በሥርዓቱ ውስጥ ተጽፏል።

በዋሽንግተን ዙሪያ ያለው ኢትዮጵያዊ ሌሊቱን የሚያድርበት ሌላ ምክንያት አለው። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ በስደት የመጡት፣ በ1980ው የስደተኞች ሕግ የተከተሏቸው፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህም በዲቪ የገቡት፣ ብዙዎቹ እንጀራቸውን ያገኙት በፓርኪንግ፣ በታክሲ፣ በሆቴልና በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ደብል መሥራት፣ ማለትም ሁለት ሺፍት ማያያዝ፣ እንደ ሙያ ስም ሆኗል። የቤት ኪራይ ከአዳምስ ሞርገንና ከዩ ስትሪት ሲገፋቸው ብዙዎቹ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ወጡ።

ዋሽንግተን «የግል ኃላፊነት» የሚለውን ሐረግ በሕግ ርዕስ ላይ የጻፈችውም በዚያው ዘመን ነው። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በነሐሴ 1996 የፈረሙት የድጎማ ማሻሻያ ሕግ በስሙ ውስጥ እነዚህን ቃላት ይዟል። ሕጉ ከዚያ በኋላ በሕጋዊ መንገድ የሚገቡትን ብዙዎቹን መጤዎች ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ከፌዴራል መንግሥት ድጎማ አስወጣ፤ ጥገኝነት ያገኙት ሲቀሩ። ዲቪ ደርሶት የመጣው ሰው አልቀረለትም። አባት ሌሊት ታክሲ፣ እናት ሌሊት ሆስፒታል፣ ቤቱ ውስጥ ልጅና ስክሪን፤ ይህ የተሠራው በአንድ ቤተሰብ ስንፍና አይደለም። የስክሪኑ ጨዋታ ርካሽ ሞግዚት ነበር፣ ልጁም ቢያንስ መንገድ ላይ አልወጣም። ብዙ ወላጅ ይህን እንደ እፎይታ ቆጥሮታል፤ የሚፈረድበትም አይደለም።

መንግሥትስ ምን ጠየቀ? በታኅሣሥ 1993 ሴናተሮቹ ሊበርማንና ኮል የቪዲዮ ጌም ኩባንያዎችን ምክር ቤት ጠርተው ያፋጠጧቸው ስለ ደም ነበር። በማግስቱ ዓመት የዕድሜ ደረጃ የሚሰጥ ቦርድ ተቋቋመ። ስለ ሰዓት የጠየቀ አልነበረም። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ 2 በሆነ ድምፅ ቪዲዮ ጌም እንደ መጽሐፍ የተጠበቀ የንግግር ነጻነት ነው ሲል ወሰነ፤ ዳኛ ስካሊያ ሆሜርንና ዳንቴን ምስክር አድርገው ጠሩ። ንጽጽሩ ለሥነ ጽሑፍ ሰው ደስ ይላል፣ ግን አንድ ነገር ይስታል፦ ኦዲሴይ 24 መጻሕፍት አሉት፣ 25ኛ የለውም። በዚያው ዓመት ደቡብ ኮሪያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 የኢንተርኔት ጨዋታን የሚዘጋ ሕግ አስጀመረች፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ተወችው። ቻይና በ2021 ለልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድና የበዓል ቀን ከምሽቱ 2 እስከ 3 ብቻ ፈቀደች።

የሥነ አእምሮ ሐኪሞችም አመነቱ። የአሜሪካ ሳይኪያትሪ ማኅበር፣ ጽሕፈት ቤቱ ከአሌክሳንድሪያ አጠገብ አርሊንግተን በነበረበት በ2013፣ የኢንተርኔት ጨዋታ ችግርን በመመሪያ መጽሐፉ «ተጨማሪ ጥናት የሚሻ» ብሎ አስገባው። ከዘጠኙ መለኪያዎች ውስጥ ጊዜን በሚመለከት ለቤተሰብ መዋሸት አለ፣ ከጭንቀት ለመሸሽ መጫወት አለ፤ እንቅልፍ በስሙ የተጠቀሰበት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2019 የጨዋታ መታወክን በበሽታዎች ዝርዝር አጸደቀ። ዓመት ሳይሞላ፣ በመጋቢት 2020፣ ኮቪድ ዓለምን ሲዘጋ፣ ይኸው ድርጅት የጨዋታ ኩባንያዎች «ተራርቃችሁ አብራችሁ ተጫወቱ» የሚለውን ዘመቻቸውን ሲጀምሩ ደገፈ።

የ2020ው ጸደይና በጋ ሁሉንም ክር አንድ ላይ ቋጠረ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሳውዘርን ታወርስ በሚባሉት፣ ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚኖሩባቸው ረጃጅም ሕንጻዎች፣ ኤርፖርቱና ሆቴሉ ሲቀዘቅዝ ሥራ ያጡ ተከራዮች ኪራይ አንከፍልም ብለው ተሰባሰቡ። ትምህርት ቤቱ ወደ ላፕቶፕ ገባ፤ ልጁ የሚማርበትና የሚጫወትበት ስክሪን አንድ ሆነ፣ እናት ከበሩ ስንጥቅ ብታይ የትኛውን እንደሚያደርግ መለየት አትችልም። በሐምሌ ከዚያው ከሜሪላንድ፣ ከሜየር ሁለተኛ ድርጅት ከፊራክሲስ፣ ለስድስተኛው «ሲቪላይዜሽን» የኢትዮጵያ ተጨማሪ ክፍል ወጣ። መሪው ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ በአማርኛ ይናገራሉ፣ ከዐለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ያሠራሉ። ከዚያ በፊት በ2012 በአምስተኛው ውስጥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ልዩ ችሎታቸው በዓድዋ መንፈስ የተሰየመ፣ ከራሳቸው የበለጠ ከተማ ያለውን ጠላት ሲገጥሙ ብርታት የሚጨምር ነበር። አማርኛው የተሰበረ ዲያስፖራ ልጅ ምኒልክን በቋንቋቸው ሲያናግሩት የሚሰማው አንዱ ቦታ ይህ መሆኑ ያስቃልም ያሳዝናልም። አባት «ተኛ» ቢለው «ዓድዋን እየተዋጋሁ ነው» የሚል መልስ አለው።

ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ሌላ የዋሽንግተን ጨዋታ አለ። ባለ ሱቁ ሰፋ ከኮንጎና ከኬንያ ከመጡ ወዳጆቹ ጋር ማታ ማታ የአፍሪካ አምባገነኖችንና የመፈንቅለ መንግሥት ዓመታትን እየጠሩ ይገማመታሉ። ስክሪን የለውም፣ ሱስ ብሎ የሚጠራውም የለም። ግን እሱም የማያልቅ ጨዋታ ነው፤ አህጉሩ አዲስ ጥያቄ ይጨምርላቸዋል፣ እነሱም ከሱቁ ባሻገር የሚጠብቃቸውን ሕይወት በዚያ ያዘገያሉ።

በሞንትጎመሪ ካውንቲ ወላጆች ለረጅም ጊዜ ከተሟገቱ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ2015 መግቢያቸውን ከጧቱ 1፡25 ወደ 1፡45 አዛወሩ፤ የሕጻናት ሐኪሞች ማኅበር ከዓመት በፊት የመከረው ከ2፡30 በፊት እንዳይሆን ነበር። 20 ደቂቃ ተገኘ። ለነጂዎቹ ደግሞ ኡበር በ2018 በመላ አሜሪካ ወሰን አበጀ፦ 12 ሰዓት የነዳ ሰው መተግበሪያው ለ6 ሰዓት ይዘጋበታል። ለልጁ ያልተሠራው መዝጊያ ለአባትየው ተሠራለት ማለት ነው። አባትየው ግን ኪራይ ስላለበት፣ ያ ሲዘጋ የሌላውን ኩባንያ መተግበሪያ ይከፍትና አንድ መንገደኛ ብቻ ይላል።