የሁለት ሰው መንገድ

በ1981 የጃፓን ብሔራዊ ምድር ባቡር አንድ ለየት ያለ ትኬት ለገበያ አወጣ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ብቻህን ሄደህ ብትጠይቅ አይሸጥልህም። ገዢዎቹ ባልና ሚስት መሆን አለባቸው፤ የሁለቱ ዕድሜ ሲደመር ደግሞ ቢያንስ 88 መሙላት አለበት። እሱ 46፣ እሷ 42 ከሆኑ ይበቃል። እሱ 60፣ እሷ 28 ቢሆኑም ደንቡ አይከለክልም፤ የሚከለክል ካለ ሰፈር ነው።

ስሙ «ፉል ሙን» ይባላል፤ ሙሉ ጨረቃ። ሃኒሙን የሙሽሮች ከሆነ ፉል ሙን ደግሞ ልጅ አሳድገው የጨረሱት ሰዎች ነው። ትኬቱን የያዙ ጥንዶች ለተወሰኑ ቀናት በአንደኛ ማዕረግ ወንበር አገሩን በቅናሽ መዞር ይችላሉ። ማስታወቂያው ላይ በወጣትነታቸው የፊልም ኮከብ የነበሩት ኬን ኡዬሃራና ሚዬኮ ታካሚኔ፣ ዕድሜያቸው ገፍቶ፣ ፍል ውሃ ውስጥ አብረው ተዘፍዝፈው ይታያሉ።

ይህን ታሪክ ያገኘሁት እናትና አባቴን በትንሽ ገንዘብ ጃፓን የምልክበትን መንገድ ስፈልግ ነው። አባቴ 71፣ እናቴ 64፤ ድምራቸው 135 ነው። ለፉል ሙን ይበቁና ይተርፉ ነበር፤ ትኬቱ ግን ከ40 ዓመት በላይ ከተሸጠ በኋላ ቀርቷል። ትኬቱ ቢቀርም ጥያቄው አልለቀቀኝም። አንድ ትልቅ የመንግሥት ድርጅት ያረጁ ባልና ሚስትን «እባካችሁ አብራችሁ ሂዱ» ብሎ ማባበል ለምን አስፈለገው? ባልና ሚስት አብረው መንገድ መውጣት እንዲህ ብርቅ ነው እንዴ?

አዎ፣ ብርቅ ነበር። ጃፓን ውስጥ በርካሽ መጓዝ ከጥንትም ነበረ፤ ሽማግሌ መንገደኛም ነበረ። ያልነበረው ሁለቱ ጎን ለጎን ሲሄዱ ማየት ነው።

ኬላው

ከ1603 እስከ 1868 ጃፓንን የገዙት የቶኩጋዋ ሾጉኖች ናቸው። መቀመጫቸው ኤዶ፣ የዛሬዋ ቶኪዮ ነበረች። ከኤዶ አምስት ዋና መንገዶች ይወጡ ነበር። ከሁሉም የታወቀው ቶካይዶ ነው፤ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ እስከ ኪዮቶ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ 53 ማረፊያ ከተሞች ነበሩ። እግረኛ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል።

መንገዱ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። መንገደኛ ከመንደሩ ሹም ወይም ከቤተ መቅደሱ የይለፍ ወረቀት መያዝ ነበረበት። ሃኮኔ ተራራ ላይ ደግሞ ኬላ አለ። ኬላ ጠባቂዎቹ በሁለት ነገር ላይ ዓይናቸውን ይጥሉ ነበር ይባላል፤ ወደ ኤዶ በሚገባ ጠመንጃና ከኤዶ በምትወጣ ሴት።

ጠመንጃውስ ይገባኛል። ሴቷስ? ነገሩ እንዲህ ነው። የየግዛቱ መሳፍንት ሚስቶቻቸውን ኤዶ እንዲያስቀምጡ ይገደዱ ነበር፤ ባሎቻቸው እንዳያምፁ መያዣ መሆናቸው ነው። ከመያዣዎቹ አንዷ ተደብቃ ወጣች ማለት አመፅ እየተጠነሰሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በኬላው የምታልፍ ሴት ሁሉ፣ የገበሬ ሚስትም ብትሆን፣ ትፈተሻለች። የይለፍ ወረቀቷ ከወንድ የበለጠ ዝርዝር ነበረው። ጠጉሯን ፈትተው የሚመረምሩ ሴት ፈታሾች ነበሩ። ይህን ጣጣ የፈሩ ብዙ ሴቶች በጎን ዱካ ይሾልኩ ነበር፤ ከተያዙ ቅጣቱ ከባድ መሆኑን እያወቁ።

ውጤቱን መገመት አያቅትም። ባል ይሄዳል፣ ሚስት ቤት ትጠብቃለች። ሴት ለመንገድ የምትመቸው ብዙ ጊዜ ካረጀች በኋላ ነው፤ የሩዝ መጭለፊያውን ለምራቷ ካስረከበች በኋላ። ማስረከቡ ራሱን የቻለ ሥርዓት የነበረበት አካባቢ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ እመቤት ምራት ናት፤ አማት ደግሞ ነፃ ሰው። ከቤት ኃላፊነት የወጡ አሮጊቶች ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሆነው ረጅም መንገድ ሄደዋል፤ የጉዞ ማስታወሻ የተዉም አሉ። በአብዛኛው ግን ከባል ጋር አይደለም።

ዕጣው

ገንዘቡስ ከየት መጣ? እዚህ ላይ ስደርስ «እንዴ፣ ይሄማ የእኛው ነው» አልኩ።

በዚያ ዘመን ተራ ሰው «ልዝናና ነው» ብሎ የይለፍ ወረቀት ማግኘት ያስቸግረዋል። «ልሳለም ነው» ካለ ግን ይሰጠዋል። ትልቁ መሳለሚያ ኢሴ ነበር፤ የፀሐይዋ አምላክ የአማቴራሱ መቅደስ ያለበት። ከኤዶ ኢሴ ደርሶ መመለስ ለገበሬ የማይታሰብ ወጪ ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች «ኮ» የሚባል ማኅበር ያቋቁማሉ። ሁሉም በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይጥላል። ከዚያ ዕጣ ይወጣል። ዕጣ የወጣላቸው ሰዎች በማኅበሩ ገንዘብ ኢሴ ይሄዳሉ።

ዕቁብ ነዋ! ግን አንድ ልዩነት አለው። የእኛ ዕቁብተኛ ብሩን ለራሱ ጉዳይ ያውለዋል፤ የኢሴው ባለ ዕጣ የሚሄደው የሁሉንም ጸሎት ተሸክሞ ነው። ሲመለስም ከመቅደሱ የተባረከ ክታብ ለእያንዳንዱ አባል ያመጣል። ግሸን ወይም ቁልቢ የሄደ ሰው ለጎረቤት ጸበልና እምነት ይዞ እንደሚመለሰው ማለት ነው። ቤት የቀረው ሰው እግሩ ነው እንጂ የቀረው፣ ድርሻው ሄዷል።

በ1705፣ በ1771 እና በ1830 ደግሞ ነገሩ ከማኅበርም አለፈ። ሰው በሚሊዮን እየሆነ ወደ ኢሴ ጎረፈ። አገልጋይ ጌታውን ሳያስፈቅድ፣ ልጅ ወላጁን ሳይጠይቅ ይወጣል። ብዙዎቹ የውሃ መጭለፊያ ብቻ ይዘው ነበር፤ በመንገድ ዳር ያሉ ሰዎች ምግብም ሳንቲምም ይጨምሩላቸዋል። መሄድ ያልቻለ በሽተኛ ውሻውን የላከበት ጊዜም አለ። ውሻው አንገቱ ላይ ገንዘብ ታስሮለት ይሄዳል፤ መንገደኛው ያበላዋል፣ ይመራዋል፣ ክታቡን አስይዞ ይመልሰዋል። ሠዓሊው ሂሮሺጌ እንዲህ ያለውን ውሻ በሥዕሉ ላይ አስቀምጦታል።

ማደሪያውም ርካሽ ነበረው። «ኪቺን ያዶ» የሚባሉ ቤቶች ነበሩ። እንግዳው ሩዙን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ የሚከፍለው ሩዙ የሚበስልበትን የማገዶ ዋጋ ነው። የስንቅ ተጓዥ ሆቴል በሉት። የጉዞ መምሪያ መጽሐፍም ነበር። ያሱሚ ሮአን የሚባል ሰው በ1810 ባሳተመው መጽሐፍ 61 ምክሮች ዘርዝሯል። መጀመሪያ ቀን ቀስ በል፣ ጫማህ እግርህን እስኪለምደው ድረስ፤ ማደሪያ ስትደርስ መጀመሪያ መውጫውንና ሽንት ቤቱን እወቅ፤ ብዙ ሆነህ አትሂድ። ሁለተኛውን ምክር ለአባቴ ሳነብለት «ይሄ ሰው ሽማግሌ ነበር» አለኝ።

ሐዲዱ

ኬላዎቹ በ1869 ተሻሩ። በ1872 የመጀመሪያው ባቡር ከቶኪዮ ወደ ዮኮሃማ ሄደ። በ1889 የቶካይዶ መስመር እስከ ኮቤ ተጠናቀቀ። የሁለት ሳምንቱ መንገድ ከአንድ ቀን በታች ሆነ። ጥቅምት 1 ቀን 1964 ደግሞ ሺንካንሰን በዚያው በቶካይዶ አቅጣጫ ተከፈተ፤ ዛሬ ከቶኪዮ ኪዮቶ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው።

ባቡሩ በተከፈተ በ20ኛው ቀን፣ ጥቅምት 21፣ አበበ ቢቂላ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2:12:11 አሸነፈ። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። እኔ የማላውቀው የሮጠበትን መንገድ ነበር። ውድድሩ የተካሄደው በኮሹ ካይዶ ላይ ነው፤ ከኤዶ ከሚወጡት ከአምስቱ ጥንታዊ መንገዶች አንዱ። ከስታዲየሙ ወጥቶ እስከ ቾፉ ሄዶ ተመለሰ። መዞሪያው ቦታ ላይ ዛሬም ምልክት ቆሟል።

ታዲያ ኬላው ከጠፋ፣ ባቡሩ ከመጣ፣ ባልና ሚስት ለምን አብረው አልወጡም? ሕግ ሲሻር ልማድ ወዲያው አይሻርም። ከጦርነቱ በኋላ ባል ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቢጓዝ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ነው። ሚስት ቤት ናት። የ1981ዱ ትኬት የመጣው እዚህ መሐል ነው። በ40ዎቹ፣ በ50ዎቹ ያሉ ሰዎችን ዕድሜ ደምሮ «አሁን ተራው የሁለታችሁ ነው» አላቸው። የድሮው ኬላ ሴት ብቻዋን አትለፍ ይል ነበር፤ ይሄኛው ደግሞ ወንድ ብቻውን አይለፍ አለ።

እኔን የነካኝ ይሄ ነው። እናትና አባቴ በትዳር 38 ዓመት ቆይተዋል። አባቴ ለለቅሶ ጎንደር ሲሄድ እናቴ ቤት ትጠብቃለች። እናቴ ቁልቢ ስትሄድ አባቴ ቤት ይጠብቃል። አብረው አንድም ሌሊት ከቤት ውጭ አድረው አያውቁም። ሐሳቡን ሳመጣላቸው አባቴ መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ብር አይደለም። «ቤቱንስ ማን ይጠብቀዋል?» ነው ያለው። ሃኮኔ ሳሎናችን ውስጥ ነበረ ለካ።

ሒሳቡ

ታሪኩ ለዕቅዱም ጠቅሞኛል። አንድ በአንድ ልንገራችሁ፤ የእናንተም ወላጆች ይጠቀሙበታል።

ይለፍ፦ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ጃፓን ለመግባት አስቀድሞ ቪዛ ያስፈልጋል፤ ገንዘብ እንዳለ የሚያሳይ ወረቀትም እንዲሁ። ከማንኛውም ነገር በፊት እሱ ይለቅ።

ጊዜ፦ ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ነሐሴ አጋማሽና የፈረንጅ አዲስ ዓመት ጃፓኖች ራሳቸው የሚንቀሳቀሱበት ነው፤ ሁሉም ይወደዳል። ከጥር አጋማሽ በኋላ ግን ቀዝቃዛና ጸጥ ያለ ነው። ለእኛ ደግሞ ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ያለው ጊዜ ማለት ነው። እናቴ ረቡዕና ዓርብ የምትበላው ታስቦበታል። የጃፓን ሾርባ ሾርባው ባይመስልም ብዙ ጊዜ ዓሣ አለበት። ሩዝ፣ ቶፉና አትክልት ግን የትም ይገኛል።

ባቡር፦ ለውጭ አገር ጎብኚ የሚሸጠው የሰባት ቀን የባቡር ፓስ እስከ 2023 ድረስ 29,650 የን ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት 50,000 ገባ። ለሁለት ሰው 100,000 ማለት ነው። ቶኪዮ–ኪዮቶ በሺንካንሰን አንድ መንገድ ለአንድ ሰው 14,000 ገደማ ነው፤ ለሁለት ሰው ደርሶ መልስ 56,000። ስለዚህ ፓሱ ይቅር፤ 44,000 የን ኪስ ውስጥ ይቀራል። ከኪዮቶ ወደ ኢሴ የሚወስደው የኪንቴትሱ ባቡር ደግሞ የግል ኩባንያ ስለሆነ ፓሱ ቀድሞም አይሠራበትም።

ከዚህ የሚረክስም አለ። ከ1982 ጀምሮ የሚሸጥ «ሴይሹን 18» የተባለ ትኬት አለ፤ ሴይሹን ማለት ወጣትነት ነው፣ ግን የዕድሜ ገደብ የለውም። በተወሰኑ ወቅቶች የሦስት ቀኑ በ10,000 የን ይሸጣል። የሚያሳፍረው ግን በየጣቢያው በሚቆሙት ባቡሮች ላይ ነው፤ ኪዮቶ ለመድረስ ደጋግሞ እየቀየሩ ቀኑን ሙሉ መሄድ አለ። ለእናንተ ይሆናል። ለአባቴ ጉልበት አይሆንም። ሮአንም ቀስ በል እንጂ ተሠቃይ አላለም።

መግቢያ፦ የኢሴ መቅደስ ግቢ መግቢያ አያስከፍልም። የቶኪዮ ብሔራዊ ሙዚየም ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ቋሚ ስብስቡን በነፃ ያሳያል፤ ፓስፖርት ማሳየት ነው። አባቴ ነፃ፣ እናቴ ከፋይ። እናቴ «ይኸው፣ ቆንጆ ስሆን ነው የምከፍለው» ብላለች። ከሺንጁኩ በኬይዮ መስመር ጥቂት መቶ የን ከፍሎ ቶቢታኪዩ ጣቢያ መውረድ ነው፤ የአበበ መዞሪያ ያለው እዚያ አካባቢ ነው። አባቴ ከጃፓን ሁሉ የመረጠው ይሄን ነው። እናቴ የመረጠችው ሃኮኔን ነው። ኬላው በ2007 እንደ ጥንቱ ተሠርቶ ተጠናቋል። ሴቶቹ የሚፈተሹበትን ቦታ በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች።

ምግብና አልጋ፦ ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ መብላት፤ ተመሳሳዩ ሳህን ማታ ይወደዳል። ማታ ከሱፐርማርኬት፣ ከመዘጋቱ በፊት ቅናሽ ሲለጠፍበት። ማደሪያ ጣቢያ አጠገብ ያለ ትንሽ ቢዝነስ ሆቴል። ሻንጣ ደግሞ ከሆቴል ወደ ሆቴል በመላኪያ ይሄዳል፤ ይህኛው ወጪ ነው፣ ግን ከወገብ ሕመም ይረክሳል።

ትልቁ ወጪ የአውሮፕላን ትኬቱ ነው። እሱን አራት ልጆች በየወሩ እየጣልን ነው፤ ሦስታችን ከአዲስ አበባ፣ አንዷ ከዱባይ። ዕጣ የለውም፤ ባለ ዕጣዎቹ ይታወቃሉ።

ቤቱን ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ ሊጠብቁት ተስማምተዋል። ቁልፉን ለመቀበል ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከሩቅ መቅደስ አይደለም፣ አበበ ከዞረበት ቦታ አንድ ትንሽ ጠጠር እንዲመጣላቸው።