ምስጢር ጠባቂ ቨርቹዋል ማሽን፦ ምን ማለት ነው? እንዴትስ ይሞከራል?

አዲስ አበባ ውስጥ ሀና ማርያም ላይ ያለ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ እንውሰድ። ካርድ ክፍሉ ውስጥ በፎልደር የታጨቀ መደርደሪያ የለም። የታካሚው ስም፣ ስልክ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ ሁሉም የሚመዘገበው በኮምፒውተር ነው። መዝገቡ ግን ጠረጴዛው ላይ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም፤ ክሊኒኩ በየወሩ በሚከራየው ሰርቨር ላይ ነው። ያ ሰርቨር አይሲቲ ፓርክ ካሉት ዳታ ሴንተሮች በአንዱ ሊሆን ይችላል፤ አየርላንድም ሊሆን ይችላል። አንዲት ሴት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤቷን ለመስማት ተራ ስትጠብቅ፣ ውጤቱን የሚያዩት የላብራቶሪ ባለሙያውና ሐኪሙ ብቻ ይመስሏታል። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰውም ሊያየው ይችላል። ይህ ሰው ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። የእሷ ገመና ግን በማታውቀው ሰው ደግነት ላይ ብቻ መንጠልጠል የለበትም።

ክላውድ የምንለው በአብዛኛው የቨርቹዋል ማሽን ኪራይ ነው። አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተሮች ይሠራል፤ ተከራዩ ከእነዚህ አንዱን ያገኛል። የሚከፋፍለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። ሃይፐርቫይዘሩ በእጁ ያለ አድሚን የተከራዩን ሜሞሪ ወደ ፋይል ገልብጦ ማንበብ ይችላል። ዲስኩ የተመሰጠረ መሆኑ አያድንም፤ ማሽኑ እየሠራ ሳለ የዲስኩ ቁልፍ ራሱ ሜሞሪው ውስጥ ይገኛልና። ሳጥኔን ቆልፌ ጎረቤት ቤት ባስቀምጥና ቁልፉን ኪሴ ይዤ ብሄድ ስጋት የለብኝም፤ ችግሩ የሚመጣው ሳጥኑን እዚያው ጎረቤቴ ፊት ከፍቼ መሥራት ሲኖርብኝ ነው። የተቀመጠን መረጃ መመስጠር ከተለመደ ቆይቷል፤ በኔትወርክ የሚጓዘውንም እንዲሁ። ክፍቱን የቆየው እየተሠራበት ያለው መረጃ ነው።

ይህን ክፍተት ለመዝጋት የመጣው ቴክኖሎጂ በእንግሊዝኛ ኮንፊደንሻል ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። በአማርኛ ምስጢር ጠባቂ ቨርቹዋል ማሽን እለዋለሁ። «ምስጢራዊ» ቢባል ማሽኑ ራሱ የተደበቀ ያስመስላል፤ የሚሸሸገው ግን በውስጡ የሚሠራው ነው። «ቨርቹዋል» የሚለውን ባለሙያው ዕለት ተዕለት ስለሚጠቀምበት እንዳለ ተውኩት። ትርጉሙም ይህ ነው፦ ሜሞሪው በፕሮሰሰሩ በራሱ የሚመሰጠር፣ የሰርቨሩ ባለቤት እንኳ ሊያነበው የማይችል፣ እንዲህ መሆኑንም ለሩቅ ሰው በማስረጃ ማሳየት የሚችል ቨርቹዋል ማሽን። ብዙ ሰው የመጨረሻዋን ሐረግ ይዘላታል፤ የነገሩ እምብርት ግን እሷ ናት።

ፕሮሰሰር አምራቹ ኤኤምዲ ኤስኢቪ የተባለውን የመጀመሪያ መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ2017 ከኤፒክ ፕሮሰሰሮች ጋር አወጣ። ዛሬ የሚያስተማምነው ግን በ2021 ከኤፒክ 7003 ጋር የመጣው ኤስኢቪ-ኤስኤንፒ ነው። ኢንቴልም ቲዲኤክስ የሚለውን በ2023 ከአራተኛው ትውልድ ዚዮን ጋር አቀረበ። በኤኤምዲው ላስረዳ። ዋናው ፕሮሰሰር ውስጥ የራሱ ፈርምዌር ያለው ትንሽ የደኅንነት ፕሮሰሰር አለ። ለእያንዳንዱ ምስጢር ጠባቂ ማሽን የተለየ ቁልፍ ያመነጫል፤ ቁልፉም ከቺፑ አይወጣም። መረጃ ወደ ራም ሲወጣ ይመሰጠራል፣ ሲመለስ ይፈታል። አድሚኑ ሜሞሪውን ቢገለብጥ ትርጉም የሌለው የባይት ክምር ነው የሚያገኘው። ኤስኤንፒ በዚህ ላይ የትኛው የሜሞሪ ገጽ የማን እንደሆነ የሚይዝ ሠንጠረዥ ጨመረ። በዚህም ሃይፐርቫይዘሩ ገጾችን እያቀያየረ ማሽኑን የሚያታልልበት መንገድ ተዘጋ።

ክሊኒኩ ግን ይህ ሁሉ እውነት መሆኑን በምን ያውቃል? አከራዩ ስለነገረው? መልሱ ምስክርነት የሚባለው ክፍል ነው። ማሽኑ ሲነሳ የደኅንነት ፕሮሰሰሩ የተጫነውን ፈርምዌር በሃሽ ይለካል። ዝግጅቱ በትክክል ከተሠራ የከርነሉና የትእዛዝ መስመሩ ሃሽም በዚሁ ልኬት ውስጥ ይገባል። ልኬቱ 48 ባይት ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ልኬት ከፈርምዌሩ የሥሪት ቁጥርና ከማሽኑ ደንብ ጋር አንድ ሪፖርት ላይ አስፍሮ፣ ለዚያ ቺፕ ብቻ በተሰጠ ቁልፍ ይፈርምበታል። የፊርማው ሰርተፍኬት ሰንሰለት እስከ ኤኤምዲ ሥር ቁልፍ ይደርሳል። የዲስኩ ቁልፍ ደግሞ ክሊኒኩ በሚቆጣጠረው ሌላ ቦታ፣ አረጋጋጭ በሆነ ፕሮግራም እጅ ይቆያል። ቁልፉ የሚላከው ሪፖርቱ ተመርምሮ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሙከራው። በመጀመሪያ ልብ የሚሰብረውን ልናገር፤ ላፕቶፕ ላይ አይሆንም። ኤስኢቪ-ኤስኤንፒ የኤፒክ ሰርቨር ፕሮሰሰር ይፈልጋል፤ በየሱቁ የምናገኘው ራይዘን የለውም። የምስክርነቱን ፕሮግራም መጻፍና ሐሰተኛ ሪፖርት እያበሉ ማለማመድ በማንኛውም ኮምፒውተር ይቻላል፤ ምስጠራውን መሞከር ግን ሃርድዌሩ ሳይኖር ከንቱ ነው። ስለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መከራየት ነው። ጉግል ክላውድ ያከራያል፤ ማይክሮሶፍት አዙርም ያከራያል፤ አማዞንም በ2023 በኦሃዮና በአየርላንድ ጀምሯል። ለጥቂት ሰዓት ተከራይቶ ማጥፋት ዋጋው ትንሽ ነው፤ እኛ ዘንድ የሚያስቸግረው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። የተከራየ ሰው ግን የሚያየው የማሽኑን ውስጥ ብቻ ነው። አድሚኑ ሆኖ ከውጭ መሞከር አይችልም።

ሁለተኛው መንገድ የራስ ሰርቨር ነው፤ ያገለገለ ኤፒክ 7003 ይበቃል። ባዮሱ ውስጥ ገብቶ የሜሞሪ ምስጠራውን፣ ኤስኤንፒውንና አይኦኤምኤምዩውን ማብራት ያስፈልጋል። የሊኑክስ ከርነል ኤስኤንፒን በአስተናጋጅነት መደገፍ የጀመረው 6.11 ላይ ነው፤ ቨርቹዋል ማሽኑን የሚያስነሳው ኪውኢኤምዩ ደግሞ 9.1 ላይ፤ ሁለቱም በ2024 ወጡ። ከዚያ በፊት የኤኤምዲን የተለየ ከርነል መገንባት ግድ ነበር። ሀና ማርያምን በመሰለ የመኖሪያ ሰፈር ሰርቨር የሚያቆም ሰው ሌላም የሚያስበው አለው። የማራገቢያው ጩኸት ለግቢ የሚሆን አይደለም፤ መብራት ሲሄድም ዩፒኤሱ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት እንኳ የሚበቃ መሆን አለበት።

ማሽኑ ሲነሳ ከርነሉ ከሚያትማቸው መልእክቶች መሃል የሜሞሪ ምስጠራው መብራቱን የሚናገር መስመር አለ። ብዙ ሰው ያቺን መስመር ሲያይ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን ሥራው ከዚያ ይጀምራል ባይ ነኝ። መስመሯን ያተመው ማሽኑ ራሱ ነው፤ ሌላ ሰው ቀይሮ ያስነሳው ከርነልም ያንኑ መስመር ማተም አያቅተውም። ሁሉም ነገር «አዎ» የሚልበት የሙከራ ቦታ ምንም አላሳየም። መታየት ያለበት እምቢታው ነው።

ስለዚህ ለከርነሉ በሚሰጠው የትእዛዝ መስመር ላይ ሆን ብሎ አንዲት ፊደል መለወጥ ነው። ማሽኑ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩም ይፈርማል። ፊርማው ትክክለኛ ነው። ልኬቱን ግን ከቀድሞው ጎን አስቀምጦ ማየት ነው፤ 48ቱ ባይት ጭራሽ ሌላ ሆነዋል። አረጋጋጩ ሁለቱን ያስተያያል፣ ቁልፉን አይሰጥም። ማሽኑም ዲስኩን መክፈት አቅቶት ባለበት ቀጥ ይላል። አረጋጋጩ ይህን ሁሉ አይቶ ቁልፉን ከሰጠ ግን ምስጠራው እንዳለ ሆኖ ጥበቃው የለም ማለት ነው፤ ፊርማውን ብቻ አይቶ ልኬቱን ያላነጻጸረ አረጋጋጭ እንዲህ ያደርጋል።

ሁለተኛው ፈተና የትናንቱን ሪፖርት ዛሬ ማቅረብ ነው። ሪፖርቱ ውስጥ ጠያቂው የሚሞላው 64 ባይት ቦታ አለ። አረጋጋጩ በየጊዜው አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር ልኮ እዚያ ቦታ መግባቱን ካላየ፣ ያደረ ሪፖርት ያሳልፋል። ሦስተኛው የማሽኑ ደንብ ነው። ስህተት ለመፈለግ ሲባል ደንቡ ላይ የዲበግ ፈቃድ ሊበራ ይችላል፤ ፈቃዱ ከበራ ሃይፐርቫይዘሩ ሜሞሪውን አስፈትቶ ማንበብ ይችላል። በሙከራ ጊዜ የበራች ይህች ቢት ሳትጠፋ ወደ ሥራ ብትሻገር ማሽኑ ከውጭ ሲታይ ያው ነው፤ የሚያጋልጣት ሪፖርቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲበግ የበራበትን ማሽን እምቢ የማይል አረጋጋጭ አልተሞከረም ነው የምለው።

ስለ ኢንተርኔት አንድ ነገር ልጨምር፤ ከሌላ አገር በተጻፈ መመሪያ ብቻ የሚሄድ ሰው የሚደናቀፍበት ነውና። የቺፑ ሰርተፍኬት የሚገኘው ከኤኤምዲ ሰርቨር ነው። መስመር በተቋረጠ ጊዜ ማሽኑ ቢነሳ አረጋጋጩ ሰርተፍኬቱን ማምጣት ያቅተዋል፤ ክሊኒኩም ካርድ ማውጣት ያቆማል። የሚሻለው ሰርተፍኬቶቹን አስቀድሞ አውርዶ እዚሁ ማስቀመጥ ነው፤ ምስጢር ስላልሆኑ ጉዳት የለውም። የደኅንነት ፈርምዌሩ ሲታደስ ግን የመፈረሚያው ቁልፍም ሰርተፍኬቱም ስለሚለወጥ፣ እድሳቱን ማጽደቅና አዲሱን ማውረድ አብረው መሄድ አለባቸው። የኢንተርኔት ኬብሉን ነቅሎ ማሽኑን ማስነሳት ከፈተናዎቹ አንዱ ይሁን።

ለሙከራ ተብሎ እውነተኛውን የታካሚዎች መዝገብ ገልብጦ መጫን ግን ፈጽሞ አይገባም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል፤ «ሙከራ ነው» ማለት የታካሚዋን መብት አያነሳም። በፈጠራ ስሞችና በፈጠራ የካርድ ቁጥሮች አንድ ሺህ መዝገብ የሚያመርት አጭር ፕሮግራም መጻፍ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንዲያውም ይጠቅማል፤ ከውጭ በተገለበጠው ሜሞሪ ውስጥ የሚፈለገውን የፈጠራ ስም አስቀድሞ ማወቅ ይቻላልና። በተራው ቨርቹዋል ማሽን ስሙ ወዲያው ይገኛል፤ በምስጢር ጠባቂው መገኘት የለበትም።

ቴክኖሎጂው ፍጹም አይደለም። በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ባድራም ያሉትን ጥቃት ይፋ አደረጉ። የራም ካርዱ ስለ መጠኑ እንዲዋሽ በማድረግ፣ አሥር ዶላር ገደማ በሚያወጣ መሣሪያ የኤስኤንፒን ጥበቃ አለፉ። ለዚህ ግን ሰርቨሩን በእጅ መንካት ወይም ያልተቆለፈ የራም ካርድ ማግኘት ነበረባቸው። ኤኤምዲ በፈርምዌር እድሳት መልስ ሰጠ። እድሳቱ የገባበትን ሰርቨር ካልገባበት የሚለየው ሪፖርቱ ላይ ያለው የሥሪት ቁጥር ነው። ስለዚህ አረጋጋጩ ላይ ዝቅተኛ ሥሪት መወሰን፣ ከዚያም ያልታደሰ ፈርምዌር ያለው ሰርቨር የሰጠውን ሪፖርት አቅርቦ ቁልፉ መከልከሉን ማየት ያስፈልጋል። ክሊኒኩም ውል ሲፈርም አከራዩን «ምስጢር ጠባቂ ነው ወይ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ሪፖርቱን በራሱ አረጋጋጭ መመርመር እንዲፈቀድለት ይጠይቅ።