የባህል ስፖርቶችና የማንነት ትስስር፦ ባህላዊ ትግልና የገና ጨዋታ

የባህል ስፖርቶች የአንድን ኅብረተሰብ ጉልበትና ቅልጥፍና ከማሳየታቸውም በላይ የቋንቋው፣ የበዓላቱና የዳኝነት ሥርዓቱ ማኅደር ናቸው። በኢትዮጵያ ከዘመን ዘመን ሲተላለፉ ከኖሩት ከእነዚህ ጨዋታዎች መካከል ባህላዊ ትግልና የገና ጨዋታ በስፋት ይታወቃሉ።

በምሥራቅ ጎጃም ደጋማ አካባቢዎች፣ በቢቸና፣ በሞጣና በየጥኖራ ዙሪያ እንደሚገኙት ባሉ የጤፍና የስንዴ አምራች ቀበሌዎች፣ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ሲሆን አርሶ አደሩ መጠነኛ ዕረፍት ያገኛል። የልደት በዓል የሚውለውም በዚሁ ወቅት በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ላይ ነው። የገና ጨዋታ ከበዓሉ ስሙን፣ ከመኸሩ ማብቂያ ደግሞ ሜዳውን ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እረኞች የክርስቶስን መወለድ በሰሙ ጊዜ በያዙት ዱላ እየተጫወቱ ደስታቸውን ገልጸዋል የሚለው ትውፊትም ጨዋታውን ከበዓሉ ጋር ያስተሳስረዋል።

ጨዋታው ጫፉ በቆለመመ ዱላ «ጥንግ» ወይም «እሩር» የምትባለውን፣ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተድበልብላ የምትሠራ ኳስ እየመቱ ወደ ተጋጣሚ ወገን በማሳለፍ የሚከናወን ነው። በገጠር የተጫዋቾቹ ቁጥር ሳይወሰን መንደር ከመንደር ይጋጠማል። በዕለቱ ባለሥልጣንም ሆነ ባለጸጋ በጨዋታው ቢመታ ወይም በግጥም ቢነካ ሊቆጣ እንደማይገባው በልማድ የጸና ነው። በማዕረግ በተደራጀ ማኅበረሰብ ውስጥ ይህ ሥርዓት ታናሽ ከታላቁ ጋር በአንድ ሜዳ በእኩልነት የሚቆምበትን ዕድል ሲሰጥ ኖሯል።

ባህላዊ ትግል በበኩሉ መሣሪያ የማይጠይቅ በመሆኑ ከብት በሚታገድበት መስክ ሁሉ ይካሄዳል። ሁለት ተፋላሚዎች ተያይዘው፣ በጠለፋ ወይም ከወገብ አንሥቶ በመጣል፣ አንዱ ሌላውን በጀርባው ለማሳረፍ ይታገላሉ። በቡጢ መምታት ከጨዋታው ሥርዓት ውጪ ነው። የአካባቢው ወጣቶች ጉልበታቸውን የሚለኩትና በእኩዮቻቸው ዘንድ ስም የሚያገኙት በዚህ መንገድ ነበር።

እነዚህን ጨዋታዎች ወደ ዘመናዊ ውድድር ለማምጣት የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሕግና ደንብ አዘጋጅቶላቸዋል። ገና፣ ትግል፣ ገበጣ፣ ሻህ፣ ኮርቦ፣ ቡብ፣ ቀስት፣ ፈረስ ጉግስና ፈረስ ሸርጥ ደንብ ከወጣላቸው መካከል ሲሆኑ፣ በትግል ተወዳዳሪዎች በኪሎ ግራም ተመድበው ይገናኛሉ። ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች የሚሳተፉበት የመላ ኢትዮጵያ የባህል ስፖርቶች ውድድርና ፌስቲቫልም በተለያዩ ከተሞች ሲካሄድ ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ወጥ ደንብ ማውጣት የራሱ ፈተና አለው። ከመላ ሀገሪቱ የሚመጡ ስፖርተኞችን በአንድ መስፈርት ማወዳደር የሚቻለው በደንብ ቢሆንም፣ ጨዋታው ከበዓሉ፣ ከግጥሙና ከመንደሩ ዳኝነት ሲነጠል አካላዊ ፉክክሩ ብቻ ሊቀር ይችላል።

በዚህ ረገድ በፈረንሳይ የብርታኝ ግዛት «ጉረን» የተባለው ባህላዊ ትግል ተሞክሮ ይጠቀሳል። በግዛቱ ትምህርት ቤቶች የብርታኝ ቋንቋ የሚናገሩ ሕፃናት ይቀጡበት በነበረው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1930 ዶክተር ሻርል ኮቶኔክ የትግሉን ፌዴሬሽን መሥርተው ደንቡ እንዲጻፍ አድርገዋል። ተፋላሚዎች ከግጥሚያ በፊት በቅንነት ለመታገል ቃል የሚገቡበት መሐላ፣ የሚለብሱት ጠንካራ ሸሚዝ፣ ለአሸናፊው በሽልማት የሚሰጠው በግና የብርታኝ ቋንቋ ስያሜዎች ከዘመናዊው ደንብ ጋር አብረው ዘልቀዋል። ደንቡ የተጻፈው ለፉክክሩ ብቻ ሳይሆን ለሥርዓቱም በመሆኑ ጉረን የግዛቱ ማንነት መገለጫ ሆኖ ቀጥሏል።

በሀገር ውስጥም ተመሳሳይ አብነት ይገኛል። በአዊ ብሔረሰብ ዞን በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን በሚያከብረው ዓመታዊ በዓል የፈረስ ጉግስንና ሽርጥን ከዓድዋ አርበኞች መታሰቢያ ጋር አስተሳስሮ ለተተኪው ትውልድ አስተላልፏል። የማኅበሩ ጥንካሬ ምንጭ ባለቤቱ ራሱ ሕዝቡ መሆኑ ነው።

የመንግሥት አካላት ኃላፊነትም በሕግ ተደንግጓል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 9 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች ጥበቃ ስምምነትም ቅርሱ በባለቤቱ ማኅበረሰብ ተሳትፎ እንዲጠበቅ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. የባህልና ስፖርት ሚኒስቴር መቋቋሙ ቀደም ሲል በፌዴራል ደረጃ በባህልና በስፖርት መሥሪያ ቤቶች መካከል ተከፍሎ የቆየውን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቦታል።

በወረዳና በከተማ ደረጃ ግን ወሳኙ ጉዳይ ይበልጥ ቀላልና ተጨባጭ ነው። የወል ግጦሽ መሬት ለግንባታና ለእርሻ ሲከፋፈል አብሮ የሚጠፋው ጨዋታው የሚካሄድበት ሜዳ ነው። የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ ሜዳውን መከለል፣ በትምህርት ቤቶች ጨዋታውን ከነስያሜው ማስተማር፣ የአረጋውያኑን ዕውቀት በድምፅና በምስል መዝግቦ መያዝ ከፍተኛ በጀት የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው። እነዚህ ካልተከናወኑ ግን በየዓመቱ የሚታየው የሜዳሊያ ውድድር በገጠር የደረቀ ምንጭ ተወካይ ብቻ ሆኖ የሚቀር ይሆናል።