የኮሪደር ልማት (አዲስ አበባ)

የኮሪደር ልማት ከ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በአዲስ አበባ ዋና ዋና ጎዳናዎች ግራና ቀኝ የተካሄደ የመሀል ከተማ መልሶ ማልማት ሥራ ነው። መንገድ ማስፋት፣ የእግረኛና የብስክሌት መስመር መዘርጋት፣ የመብራትና የስልክ ገመድ መሬት ውስጥ መቅበር፣ የሕንፃዎችን ፊት ማደስ፣ መናፈሻ፣ የልጆች መጫወቻና የሕዝብ መጸዳጃ መሥራት በአንድነት በዚህ ስም ይጠራሉ። አሮጌ ሰፈሮችን ማፍረስና ነዋሪዎችን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወርም የሥራው አካል ነው፤ ሕዝብን ይበልጥ ያነጋገረውም ይኸኛው ወገን ነው።

መሀል ከተማው እንዴት አረጀ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ገበያዋ አራዳ ጊዮርጊስ ደጃፍ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘባቸው ዓመታት (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያውን ወደ መርካቶ አዛውሮ አራዳን የአውሮፓውያን የንግድ ማዕከል አደረገው፤ ፒያሳ የሚለው ስምም ያኔ ተተከለ። ካዛንቺስ ደግሞ በዚያው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ተብሎ የተሠራ ሰፈር ነው። ከመሀል ማንሳትና ማዛወር ለዚህች ከተማ እንግዳ ነገር አልነበረም ማለት ነው።

ለኮሪደሩ ታሪክ ግን ከሁሉም ይልቅ ቁልፉ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። አዋጁ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት ሳይጨምር ኖረ፤ አንድ ሲኒ ቡና የማይገዛ የወር ኪራይ የሚከፍሉ ቤተሰቦች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀበሌው ከሚሰበስበው ሳንቲም የማደሻ ገንዘብ አይተርፈውም፣ ተከራዩ ደግሞ የእኔ ባልሆነ ቤት ላይ ምን አደከመኝ ይላል፤ ቢፈልግም ያለፈቃድ ግድግዳ መንካት አይችልም። የጭቃና የእንጨት ቤቱ በዚህ መካከል ዘመመ። መጸዳጃው የጋራ፣ መግቢያው ጠባብ፣ ቦዩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ያም ሆኖ ቤቱ ከሥራ፣ ከትምህርት ቤት፣ ከሐኪም ቤትና ከገበያ በእግር የሚደረስበት ነበር። ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ የሚባሉት ሰፈሮች ከፒያሳ ወርቅ ቤቶች ጀርባ የነበሩት በዚህ ምክንያት ነው፤ ባለጸጋውና ለፍቶ አዳሪው በአንድ አጥር ይዋሰኑ ነበር።

ከኮሪደሩ በፊትም ፈረሳ ነበር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ፣ ከዚያም አራት ኪሎ አጠገብ ያለው ባሻ ወልዴ ችሎት ተነሡ፤ ሸራተን ሆቴል አካባቢም እንዲሁ። ተነሺዎቹን በአብዛኛው የተቀበለው በ1990ዎቹ መጨረሻ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም ሲሆን፣ ሳይቶቹ ጀሞን፣ የካ አባዶን፣ ቱሉ ዲምቱንና ኮዬ ፈጬን የመሳሰሉ የከተማዋ ጠርዞች ናቸው። ልደታ በቦታው ላይ ኮንዶሚኒየም ስለተሠራበት ከሌሎቹ ይለያል፤ ይህ አካሄድ ግን አልተለመደም።

የሥራው አካሄድ

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ተመረቀ። ብዙም ሳይቆይ በዙሪያው ያሉት ሰፈሮች መፍረስ ጀመሩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ አምስት ኮሪደሮች የነበሩት ሲሆን ፒያሳን ከአራት ኪሎ፣ አራት ኪሎን ከቦሌ፣ ቦሌን ከመገናኛ የሚያያይዙት ይገኙበታል። ሥራው ሌሊትም ይሠራ ስለነበር ፍጥነቱ ደጋፊውንም ተቺውንም አስገርሟል። ሁለተኛው ምዕራፍ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስን ነካ፤ በአዝማሪ ቤቶቹ የታወቀው ይህ ሰፈር በሳምንታት ውስጥ መልኩን ቀየረ።

የልማት ተነሺዎች

«የልማት ተነሺ» የሚባለው ሰው ምን ያገኛል የሚለው በቤቱ ላይ ባለው መብት ይወሰናል። የግል ባለይዞታ ምትክ ቦታና የንብረት ካሳ ይሰጠዋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ካሳው የሚታሰበው ለቤቱና በቦታው ላይ ላፈራው ንብረት እንጂ ለመሬቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። ፒያሳ ላይ ቤትና ቦታ የነበረው ሰው ትልቁን ሀብቱን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ ኮንዶሚኒየም የመግዛት ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት የመከራየት ምርጫ ይቀርብለታል፤ ቅድሚያ ክፍያውን ማሟላት ለማይችለው ግን ምርጫው አንድ ብቻ ነው። በመጨረሻው ረድፍ ደባሎችና የግለሰብ ቤት ተከራዮች ይገኛሉ። በስማቸው የተመዘገበ ነገር ከሌለ ከዝርዝሩ ውጭ ይሆናሉ። በመሀል ከተማ ግቢዎች ውስጥ የእነሱ ቁጥር ቀላል አልነበረም፤ ስለ ተነሺዎች የሚወጣ ማንኛውም አኀዝ እነሱን መቁጠር አለመቁጠሩ መጠየቅ ያለበትም ለዚህ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች ቦታውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት እንዲማከሩ ያዛል፤ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በተግባር ብዙ ቤተሰቦች የተሰጣቸው ጊዜ በቀናትና በሳምንታት የሚቆጠር እንደነበር ተናግረዋል። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራው እንዲቆም የጠየቀው በዚሁ የማስነሣት አካሄድ ምክንያት ነው። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ ነዋሪዎች ለኑሮ ከማይመቹ ቤቶች ወጥተው ውኃና መጸዳጃ ወዳላቸው ቤቶች መግባታቸውን ያስረዳል። ይህም ሐሰት አይደለም፤ የጋራ መጸዳጃ ወረፋ የያዘች እናት ልዩነቱን ማንም እንዲነግራት አትሻም።

ካሳ የማይተካው ነገር አለ። እድር ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳንና እንጀራ ይዞ ከደጅ የሚደርስ የሰፈር ማኅበር ነው፤ አባላቱ ተነሺዎች በሰፈሩባቸው በገላን ጉራ፣ በአራብሳና በኮዬ ፈጬ ሲበተኑ መዝገቡ ቢኖርም መድረሱ ይቀራል። ከጎረቤት ጋር የሚጣለው እቁብም እንዲሁ ነው። ጉሊት የምትቸረችርና ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት ደግሞ ደንበኞቿ የመንገዱ ሰዎች ናቸው። መተላለፊያው ከጠራ በኋላ እሷ የምትቀመጥበት ጥግ የለም፤ አዲስ በገባችበት ሰፈር ደግሞ ገና አላፊ አግዳሚ አልበዛም።

ተደራሽነት

አዲስ አበባ ከግማሽ በላይ ጉዞዋን በእግር የምትጓዝ ከተማ ናት። ከኮሪደሩ በፊት ብዙው የእግረኛ መንገድ የተሰበረ፣ ክዳን በሌለው ቱቦ የተቆረጠ ወይም ዕቃ የተደረደረበት ነበር። ለዓይነ ስውርና በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው መኪና መንገድ ላይ መውጣት ግዴታ ይሆን ነበር። ሰፊውና የተስተካከለው አዲስ መንገድ በዚህ ረገድ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው፤ ሌሊቱን መብራት ማግኘቱም በተለይ ለሴቶች ጠቅሟል።

ሆኖም መንገዱ የሚጠቅመው እዚያ ለደረሰ ሰው ነው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀች ሲሆን፣ የሕንፃ አዋጁ (624/2001) በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ የሚያመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ፒያሳ ላይ ካሉት ሱቆችና ቢሮዎች ብዙዎቹ ግን ዛሬም በደረጃ የሚገቡ ናቸው፤ የሕንፃው ፊት ሲታደስ ደረጃው ባለበት ይቀራል። የኮንዶሚኒየም ብሎኮችም አብዛኞቹ አራት ፎቅ ወጥተው ሊፍት የላቸውም። አንድ አዛውንት ከመሀል ከተማ ምድር ቤት ተነሥተው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቢደርሳቸው ለመውጣት ልጅ መጥራት ይኖርባቸዋል።

ርቀቱ ይጨመራል። ካዛንቺስ ለዘውዲቱ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ከሰፈሩ የተነሡ ብዙዎች የገቡበት ገላን ጉራ ግን በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ በደቡቡ ጠርዝ ላይ ይገኛል፤ ከዚያ ለክትትል የሚመላለስ ሕመምተኛ በአንድ ታክሲ አይደርስም። ሚኒባስ ደግሞ ተሽከርካሪ ወንበር ለያዘ ሰው የሚያመች መግቢያ የለውም፤ ረዳቱ ወንበሩን አጣጥፎ መጫን ፈቃደኛ ካልሆነ የኮንትራት ዋጋ መክፈል ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሁለት መስመሮቹ ከእነዚህ አዳዲስ መንደሮች አብዛኞቹን አይነኩም።

ከአዲስ አበባ ውጭ

ሥራው ወደ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ፣ ጅማ፣ አዳማና ድሬዳዋ ተዛምቷል። በእነዚህ ከተሞች ጥያቄው ከፊል ይለያል። ከተሞቹ ከአዲስ አበባ ያነሱ ስለሆኑ የሚነሣ ሰው የሚርቀው ያን ያህል አይደለም፤ በጎዳናው ዳር ያለ ባለይዞታ ግን አጥሩን፣ ሰርቪሱን ወይም የሱቁን ፊት በራሱ ወጪ ወደ ኋላ መልሶ እንዲሠራ ሲታዘዝ ሸክሙ በቀጥታ እሱ ላይ ያርፋል።