ተማሪዎች የኢንተርኔት ምንጮችን መርምረው እንዲጠቀሙ ማስተማር፦ የጭሮ ከተማ የሕዝብ ቁጥር እንደ ምሳሌ

ለጥናት የሚሆን መረጃ በኢንተርኔት ማግኘት ቀላል ሆኗል፤ የተገኘውን መመዘን ግን በትምህርት የሚዳብር ክህሎት ነው። በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ክህሎት ተማሪው በሚያውቀው ጉዳይ ማስጀመር ይችላሉ። “የጭሮ ከተማ ነዋሪ ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ለዚህ ተስማሚ ነው። ተማሪው ከሚያገኛቸው የተለያዩ አኃዞች አንዱን ከመጥቀሱ በፊት አራት ነጥቦችን ያጣራል።

1. ቦታው

ጭሮ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟም ስለምትታወቅ ፍለጋው በሁለቱም ስሞች መካሄድ አለበት። የጭሮ ከተማና የጭሮ ዙሪያ ወረዳ የተለያዩ በመሆናቸው አኃዙ የትኛውን እንደሚመለከት ሊረጋገጥ ይገባል። በቀድሞ ሰነዶች “ሐረርጌ” የተባለውም ከዛሬው ምዕራብ ሐረርጌ እጅግ የሰፋ ግዛት ነበር።

2. ዘመኑ

አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ እነዚህም እ.ኤ.አ. 1984፣ 1994 እና 2007 ናቸው። የዘመን አቆጣጠሩ ሳይገለጽ “1987” ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አንባቢው የሰባት ዓመት ስህተት ሊፈጽም ይችላል።

3. የአኃዙ ዓይነት

ከ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ወዲህ በየዓመቱ የሚወጡ የሕዝብ አኃዞች በትንበያ የተሰሉ ናቸው። ትንበያን “የቆጠራ ውጤት” ብሎ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

4. የመጀመሪያው ምንጭ

ሦስት ድረ ገጾች አንድ ቁጥር ማስፈራቸው በራሱ ማረጋገጫ አይደለም፤ አንዱ ከሌላው ቀድቶ ሊሆን ይችላል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተገኘ መልስም በተመሳሳይ መንገድ ይጣራል። ማመሳከሪያው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ ሪፖርት ነው። ለጥናታዊ ጽሑፎች ደግሞ የአገሪቱን ከፍተኛ የትምህርት ተቋማት የምርምር ሥራዎች የሚያሰባስበው ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ ያገለግላል።

የምዘና ሥርዓት

መምህሩ ለመልሱ ብቻ ሳይሆን ተማሪው ምንጩን ላጣራበት ሂደትም ነጥብ እንዲሰጥ ይመከራል። ተማሪው ያየውን ገጽ፣ ያየበትን ቀን፣ የተቀበለበትን ወይም የጣለበትን ምክንያት በአጭሩ ይመዘግባል።

ጉዳዩ ከክፍል ውጤት ያለፈ ነው። በጭሮ በሚገኘው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ሆነ በሌላ ተቋም የሚቀርብ የመመረቂያ ጽሑፍ ለቀጣዩ ተማሪ ምንጭ ይሆናል። የወረዳን ሕዝብ የከተማ ነዋሪ አድርጎ የጠቀሰ ጽሑፍ ለውኃ አቅርቦት ወይም ለትምህርት ቤት ግንባታ ዕቅድ መነሻ ቢሆን ስህተቱ ከወረቀት ወደ ኅብረተሰቡ ኑሮ ይሸጋገራል።