በካሴት የተላከ ምስጢር፦ ጆሃንስበርግ፣ 1988

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻ ወደ ጆሃንስበርግ ይወስደናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ኔልሰን ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስደው አገራቸው በገቡ ብዙም ሳይቆዩ ተያዙ። በ1988 እስር ላይ ከዋሉ 26 ዓመት ሞልቷቸዋል። የድርጅታቸው የኤኤንሲ መሪዎች፣ እነ ኦሊቨር ታምቦ፣ የሚኖሩት በስደት፣ ዛምቢያ ሉሳካ ነው። ትግሉን ከሩቅ መምራት አላዋጣ ስላላቸው ከፍተኛ አመራሮችን በድብቅ ወደ አገር ቤት ለማስገባት ወሰኑ። ዕቅዱ ኦፕሬሽን ቩላ ተባለ። በነሐሴ ወር 1988 ማክ ማሃራጅና ሲፊዌ ንያንዳ ድንበር ጥሰው ደቡብ አፍሪካ ገቡ።

መግባቱስ ተቻለ፤ ከሉሳካ ጋር በምን ይነጋገሩ? ደብዳቤ በሰው እጅ ሲላክ ሳምንታት ይፈጃል፤ መልሱ ሲደርስ ነገሩ አልፎበታል። ስልኩን ደግሞ ፖሊስ ይጠልፈዋል።

መላውን ያመጣው ቲም ጄንኪን ነው። ጄንኪን የኬፕታውን ልጅ ነው። በታኅሣሥ 1979 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የፕሪቶሪያን እስር ቤት በሮች ከእንጨት በተሠሩ ቁልፎች ከፍቶ ያመለጠው እሱ ነው። ለንደን ከገባ በኋላ ሮኒ ፕሬስ ከሚባል የትግል ጓዱ ጋር ሆኖ በኮምፒውተር ምስጢር መላላኪያ ዘዴ ሠራ።

ለሥራው የመረጡት ቶሺባ ቲ 1000 የተባለውን ኮምፒውተር ነው። ክብደቱ ሦስት ኪሎ አይሞላም፤ በባትሪ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስክ የለውም፤ ያለው አንድ የፍሎፒ ማጫወቻ ነው። የማስታወስ አቅሙ 512 ኪሎባይት ብቻ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጆሃንስበርግ ያለው ታጋይ መልእክቱን ኮምፒውተሩ ላይ ይጽፋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፊደል ዲስክ ላይ ከተቀመጠ የዘፈቀደ ቁጥር ጋር እየደመረ ይለውጠዋል። የዚያ ዲስክ ግልባጭ ያለው ለንደን ብቻ ነው፤ አንዴ የተሠራበት ቁጥርም ወዲያው ይደመሰሳል። ክሎድ ሻነን የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1949 ባሳተመው ጥናት እንዳረጋገጠው፣ ቁጥሮቹ በእርግጥም የዘፈቀደ ከሆኑና ካልተደገሙ እንዲህ ያለውን ምስጢር የትኛውም ማሽን ሊፈታው አይችልም።

ቀጥሎ የሞደም ተራ ይመጣል። ሞደሙ በኮምፒውተሩ ሲሪያል ፖርት ላይ ይሰካል። በዚያ መስመር መረጃው ዜሮና አንድ እየሆነ በነጠላ ሰልፍ ይወጣል፤ ሞደሙም ዜሮውን በአንድ ድምፅ፣ አንዱን በሌላ ድምፅ ይተረጉመዋል። ላኪውና ተቀባዩ ፍጥነታቸውን አስቀድመው ካላስማሙ የሚደርሰው ትርጉም የለሽ የፊደል ክምር ነው።

ታጋዩ ግን ኮምፒውተር ታቅፎ የሕዝብ ስልክ ጋ መቆም አይችልም። ስለዚህ የሞደሙን ድምፅ በትንሽ ቴፕ ሪከርደር ካሴት ላይ ይቀዳዋል። ከዚያ ወደ አንድ የስልክ ዳስ ሄዶ ለንደን ይደውላል፤ የሚያነሣለት መልእክት የሚቀዳ ማሽን ነው። ሪከርደሩን ወደ እጀታው አስጠግቶ ካሴቱን ያጫውታል፣ ስልኩን ዘግቶ ይሄዳል። ለንደን ላይ ጄንኪን ድምፁን በሞደም ወደ ኮምፒውተሩ መልሶ ምስጢሩን ይፈታል፤ ከዚያም ወደ ሉሳካ ያስተላልፋል። የዘፈቀደ ቁጥሮቹን ዲስኮች በሻንጣዋ እያስገባች ደቡብ አፍሪካ ታደርስ የነበረችው የሆላንድ አየር መንገድ አስተናጋጅ ናት። በዚሁ መስመር ማንዴላ ከቪክተር ቨርስተር እስር ቤት ሆነው ከታምቦ ጋር ሐሳብ ተለዋውጠዋል።

ማንዴላ በየካቲት 1990 ተፈቱ። በሐምሌ ወር ግን የጸጥታ ፖሊስ ደርባን ላይ ቻርልስ ንዳባንና ምቡሶ ሻባላላን ይዞ ገደላቸው። ንያንዳም ተያዘ፤ ማሃራጅም ጆሃንስበርግ ላይ ታሰረ። ፖሊስ የቩላን ሰነዶች ያነበበው ምስጢሩን ፈትቶ አልነበረም፤ በደርባኑ መደበቂያ ቤት ሳይመሰጠሩ የቀሩ ፋይሎችን ዲስክ ላይ አግኝቶ ነው። በእነ ማሃራጅ ላይ የቀረበው ክስ በ1991 ተሰረዘ። ማሃራጅ በ1994 የትራንስፖርት ሚኒስትር ሆነ፤ ንያንዳ የጦር ኃይሎች አዛዥ ከሆነ በኋላ በ2009 የኮሙኒኬሽን ሚኒስትርነትን ያዘ።

አድማጮቻችን፣ በየስልካችን የይለፍ ቃል ለምናበዛ ለእኛም ቩላ የሚነግረን አለ። ቁልፉ የቱንም ያህል ቢጠነክር ምስጢር የሚጠበቀው በባለቤቱ ጥንቃቄ ነው።